ጸጉር የሚፈታበት ቀን

ስልኬ ባልተለመደ ሰዓት ከጮኸ፣ ከማንሳቴ በፊት አንድ ሰው ቀብሬ እጨርሳለሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች ሆስፒታሉን፣ አልጋውን፣ ከራስጌዋ የምቀመጥበትን ወንበር ሳይቀር አየዋለሁ። ባሌ፣ "አንቺ እኮ ሰማዩ ሳይጠቁር ጃንጥላ የምትዘረጊ ሰው ነሽ" ይለኛል። አልፈርድበትም። ግን እንዲህ ሆኜ አልተወለድኩም። ይህ አመል የያዘኝ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ እናቴ ልትሞት ነው ብዬ በወሰንኩበት ዓመት ነው።

እናቴ ጸጉር ሠሪ ነበረች። ቤታችን ሁለት ክፍል ሆኖ የፊተኛው ሥራ ቤቷ፣ የኋለኛው መኝታችን ነው፤ በመሀል መጋረጃ አለ። ሥራ ቤቱ ውስጥ ጥጉ የተሰነጠቀ ትልቅ መስታወት፣ አንዱ ትራስ ያለው ሌላው የሌለው ሁለት ወንበር፣ ምድጃ ላይ ተጥዶ የሚጋል የብረት ማበጠሪያ ነበር። ክፍሉ ሁልጊዜ የጸጉር ቅባትና የተለበለበ ጸጉር ይሸታል። እስከ ዛሬ ያ ሽታ ሲመጣብኝ የቤት ሥራዬን ያልጨረስኩ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የቤት ሥራዬን የምሠራው መጋረጃው ሥር ተቀምጬ ነበር። ትንሹ ወንድሜ ደግሞ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የወደቁ ፒኖችን በማግኔት ይለቅማል።

እናቴ ስትሠራ ፒኖቿን በከንፈሯ ይዛ ነው የምታወራው። የምትለው ሁሉ ከጥርሷ መሀል ተጨምቆ ይወጣል። ሴቶቹ ይገባቸዋል። እኔ ግማሹን እሰማለሁ፣ የቀረውን ከራሴ እሞላለሁ።

በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋን ከሰዓት በኋላ ምጥ ያዛት። ደግፈው ጤና ጣቢያ ሲያደርሷት በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ጠበቃቸው። ልጇን የወለደችው ደጁ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አጠገብ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ መሬት ላይ ባነጠፈችው ሽርጥ ላይ ነው። ልጁ አለቀሰ፣ እናትየዋም ተረፈች፤ ሰፈሩ ግን ለብዙ ጊዜ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ይህን በልጅነቴም አውቀው ነበር። ያላወቅሁት ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ሴቶቹ ተሰብስበው ወደ አስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት ሄደው ነበር።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ አንድ ኃላፊ ነበር፣ ሰፈሩ "በቅርቡ" ብሎ የሚጠራው። መንገዱ መቼ ይጠገናል ሲባል በቅርቡ፣ የመንገድ መብራቱስ ሲባል በቅርቡ። ሚስቱ እንኳ ለምሳ መቼ ትመጣለህ ስትለው በቅርቡ ነው የሚላት እያሉ ይሳሳቁበታል። ለሴቶቹ ግን በቅርቡም አላላቸውም። ጤና ጣቢያው ጠዋትም ከሰዓትም ክፍት ነው፣ አንድ ቀን ቢዘጋ ሁልጊዜ ዝግ ነው አይባልም፣ ማስረጃ ካላችሁ አምጡ ብሎ ነው የሸኛቸው።

ያየሁትን ያየሁት በቀጣዩ ሳምንት ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ በጠዋት መጣች። እሷ በር ስትገባ ክፍሉ ይጠባል፤ ስትስቅ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። ጸጉሯን ከሁለት ቀን በፊት እናቴ ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ በቀጫጭኑ ሹሩባ ሠርታላት ነበር። እና እናቴ ያን ሹሩባ መፍታት ጀመረች።

እናቴ የራሷን ሥራ ስታፈርስ አይቼ አላውቅም። እርሳሴን አስቀምጬ ማየት ያዝኩ።

"ድካምሽ አሳዘነኝ" አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

"ዝም በይ። እንዲህ አጊጠሽ ማን ያምንሻል?"

እናቴ ጸጉሩን ፈትታ ስትጨርስ በጣቶቿ አመሰቃቀለችው፣ በአሮጌ ሻሽም አሰረችው። ከዳቦ ጋጋሪዋ ሽርጥ ላይ ትንሽ ዱቄት በጣቷ አንስታ ከንፈሯን አስነካቻት። ከንፈሩ ወዲያው የደረቀ መሰለ።

"እስቲ ሳልሽን አሰሚኝ።"

ዳቦ ጋጋሪዋ አሰማቻት።

"ይሄ የጉሮሮ ነው። አጥንት የቆመባት ሴት ነው የምትመስይው። ከደረትሽ አምጪው።"

ዳቦ ጋጋሪዋ ከደረቷ አመጣችው። ወንድሜ ማግኔቱን ጥሎ ወደ እኔ ሮጠ።

"እሱ ነው። አሁን ትከሻሽን ጣል አድርጊ። ደግሞ እዚያ ሆነሽ እንዳትስቂ።"

"ካሳቁኝስ?"

"የታመመ ሰው አይስቅም።"

ይህን ሁሉ ከመጋረጃ ሥር ያየች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ታስብ? ዳቦ ጋጋሪዋ ታማለች አልኩ። ሳሉን ሰምቼዋለሁ። እናቴ ጸጉሯን የፈታችላት ሹሩባው ራሷን እንዳያከብዳት ነው። ያን የሚያህል ሰው ከታመመ ደግሞ በሽታው ቀላል እንዳልሆነ ገባኝ።

ከዚያ ወዲያ ጸጉር መፍታት እንደ ተስቦ ተዛመተ። የአናጺው ሚስት መጣች። የትምህርት ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ መጣች። ልብስ ሰፊዋም ሕፃኗን አዝላ መጣች። በጠዋት ተሠርተው ይመጡና ተፈትተው ይሄዳሉ፤ ከበራችን ሲወጡ ቀና ያለ ወገባቸው መንገዱ ላይ ሲደርስ ይጎብጣል። ወደ ማታ ሲመለሱ ደግሞ ደህና ሆነው ይገባሉ፣ ከእናቴ ጋር አንገት ለአንገት ሆነው ያወራሉ።

"ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ" ትላቸዋለች እናቴ። "ሲባል ሰማሁ የሚሉት ነገር ይቅር። እኔ እዚህ ወንበር ላይ ስንት ያልሆነ ነገር እንደሚወራ አውቃለሁ። በዓይንሽ ያየሽውን።"

ትልልቅ ሰዎች በጠና የታመመ ሰው ሞትን አይቶ ተመለሰ ሲሉ ሰምቼ ነበር። ስለዚህ እነዚህ ሴቶች በዓይናቸው ምን እንዳዩ ለመስማት አልፈለግሁም። ጆሮዬን ይዤ መኝታ ቤት እገባለሁ። ትንሽ ታግሼ ብቀመጥ ኖሮ ያዩት ሁሉም አንድ ነገር እንደነበር እሰማ ነበር። ነጭ መኪና።

አንድ ማክሰኞ ለምሳ ስመለስ እናቴ መስታወቱ ፊት ቆማ የራሷን ጸጉር ስትፈታ አገኘኋት። ጸጉሯ ሲፈታ ሥሩ ላይ ሽበት እንዳለው ያን ቀን አየሁ።

"የት ልትሄጂ ነው እማዬ?"

"ጤና ጣቢያ።"

"ምን ሆነሽ?"

"ምንም አልሆንኩም።"

"ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?"

"ልቀመጥ።"

እናቴ ከዚህ በላይ እውነት ልትነግረኝ አትችልም ነበር። እኔ ግን "ምንም አልሆንኩም" የሚባለው መቼ እንደሆነ የማውቅ መስሎኝ ነበር። አያቴ ከመሞቱ በፊት በመጨረሻ የተናገረው እሱን ነው። እናቴ አሮጌ ሹራቧን ለበሰች፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አወረደች፣ ለወንድሜ አፍንጫውን ጠረገችለትና ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ አንዴ ሳለች። ከደረቷ ነበር።

ጤና ጣቢያው ከትምህርት ቤታችን አጥር ማዶ ነው። በዕረፍት ሰዓት ሌሎቹ ኳስ ሲራገጡ እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ሰማያዊ ቀለሙ የተላጠ በር፣ ደጁ ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር። እናቴ ዳር ላይ ጎብጣ ተቀምጣለች። አጠገቧ እግራቸው በጨርቅ የተጠቀለለ አዛውንት፣ ከሳቸው ቀጥሎ ሕፃን ታቅፋ የምትወዛወዝ ወጣት ሴት። ሕፃኑ ሲያለቅስ ድምፁ ደክሟል።

ነጭ መኪና መጥታ ቆመች። ሲስተር ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ከጤና ጣቢያው ወጣች። ቀጭን ሴት ናት፤ ሰፈሩን ሁሉ ጠዋት ጠዋት ብቻዋን የምታክም ነርስ። ለተቀመጡት አንድ ነገር አለቻቸው። ወጣቷ ተነስታ ለመነቻት። አዛውንቱ በትራቸውን አነሱ። ሲስተር መሬት መሬት እያየች በሩን ቆለፈችና መኪናው ውስጥ ገባች። እናቴ ከቦታዋ አልተነሳችም። መኪናዋን ብቻ በዓይኗ ሸኘቻት፤ የጸጉር ክፍፍል ስታወጣ እንደምታደርገው፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣ ቀጥ ባለ መስመር።

ሲስተር እናቴን አይታ፣ ይቺስ አትድንም ብላ የሄደች መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንገድ ሳያት በሆዴ እረግማት ነበር።

እናት አልባ መሆንን መለማመድም ያዝኩ። ጸጉሬን ራሴ ማሰር ተማርኩ፤ አንዱ ጎን ጆሮዬ ላይ፣ ሌላው ማጅራቴ ላይ ይወጣል። ወንድሜን የጫማ ማሰሪያ ማሰር አስተማርኩት። ማን እንደሚያሳድገንም አሰብኩበት። አንዷ አክስታችን ትቆነጥጣለች፣ ሌላዋ ታንኮራፋለች። የምታንኮራፋውን መረጥኩ። እናቴ ደግሞ ማክሰኞ ማታ በልታ አትጠግብም። "ተቀምጦ መዋል እንዲህ ያስርባል?" ትላለች። አያቴም መጨረሻው ላይ ምግብ አምሮት ነበር።

አባቴ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ሲመጣ ሁሉን እነግረዋለሁ ብዬ ጠበቅሁት። መጣ። ግን ከእኔ በፊት ያወቀ መሰለኝ፤ ከራት በፊት ሥራ ቤቱ ውስጥ ሆነው ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

"ይቅርብሽ" አላት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ቀጥሎ የሰማሁት፣ "ልጆችሽን አስቢ" ሲላት ነው።

"እነሱን አስቤ ነው እንጂ።"

"እና መቼ ነው?"

"እሁድ።"

አባቴ ተነፈሰ። መጋረጃውን ገልጦ ሲገባ ፊቱን አይቼ ምንም አልነገርኩትም። ቀኑም ታውቋል፣ ምን እላለሁ?

ዝቅ ባለ ድምፅ የተናገረውን የነገረኝ ራሴ ከወለድኩ በኋላ ነው። የእናቴ ሥራ ቤት ፈቃድ የሚታደሰው በዚያው በበቅርቡ ጽሕፈት ቤት ነበር። ቤቱን ቢዘጉብሽ በእኔ ጉዞ ብቻ እነዚህን ልጆች እናሳድጋለን ወይ ነበር ያላት። እንግዲህ በቤታችን ክፉ ክፉውን የሚያስበው እኔ ብቻ አልነበርኩም።

እሁድ ገና ሳይነጋ ሴቶቹ ሁሉ መጡ። ቤቱ ሞላ፤ ወለል ላይ የተቀመጠ አለ፣ በር ላይ የቆመ አለ። እናቴ የብረት ማበጠሪያዎቿን ሁሉ ጣደች፣ ፒኖቿን በከንፈሯ ያዘች፣ አንዷን ከወንበር ታነሳለች፣ ሌላዋን ታስቀምጣለች። ያን ሁሉ ሳምንት የተፈታው ጸጉር በአንድ ጠዋት ተሠራ። ከዚያ በፊትም በኋላም እንደዚያ ቆንጆ አድርጋ ሠርታ አታውቅም።

"መጀመሪያ አስቀያሚ ካልሆናችሁ አትታመኑም አልሽን" አለች ልብስ ሰፊዋ መስታወቱን እያየች። "አሁን እንዲህ አሳምረሽን ማን ያምነናል?"

"ዛሬ እንዲያምኑን አይደለም" አለች እናቴ ከፒኖቿ መሀል። "እንዲያዩን ነው።"

በመጨረሻ እኔን ጠርታ ጸጉሬን ፈትታ እንደገና ሠራችልኝ። አጠበቀችው። እንባዬ የመጣው ከመጥበቁ መስሏት፣ "ቻይው የኔ እናት፣ ቶሎ ያልቃል" አለችኝ። ሰው ለመጨረሻ ጊዜ እንዲያምርበት ይደረጋል፣ እኔም የሟች ልጅ ስለሆንኩ አብሬ ተሠራሁ ብዬ ነው ያለቀስኩት።

የሄድነው ግን ወደ መቃብር ሳይሆን ወደ ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ነው። አስተዳደሩ በዓመት አንዴ ለነዋሪው የሥራ ሪፖርት የሚያቀርበው እዚያ ነበር። መድረኩ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃ፣ ሲነኩት የሚያፏጭ ማይክሮፎን። ያ በቅርቡ የሚሉት ኃላፊ ግራጫ ጃኬት ለብሶ፣ ወረቀቱን እያገላበጠ ረጅም ሪፖርት አነበበ። ጤና ጣቢያው ላይ ሲደርስ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ለነዋሪው አገልግሎት እየሰጠ ይገኛል ብሎ ገጹን ገለበጠ።

"ጥያቄ ያለው?"

ልብስ ሰፊዋ ሕፃኗን ታቅፋ ተነሳች። "ይህን ልጅ የወለድኩት ከጤና ጣቢያው ደጅ ላይ ነው። ውስጥ አላልኩም። ደጅ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ።"

አዳራሹ ተንሾካሾከ። በቅርቡ ፊቱን ሐዘን አለበሰው። "ይሄ በጣም ያሳዝናል። እንዲህ ዓይነት ነገር የሚመጣው ሠራተኛ ሥራውን ጥሎ ሲሄድ ነው። በነርሷ ላይ በቅርቡ እርምጃ እንወስዳለን።"

ሲስተር ግድግዳው ሥር ቆማ ነበር። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። እኔ ደስ አለኝ።

እናቴ ተነሳች። "ነርሷን ተዉአት" አለች።

"እርስዎ ማን ነዎት?"

"ጸጉር ሠሪዋ ነኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያው ደጅ ላይ ስቀመጥ ከርሜአለሁ።"

እንግዲህ መጣ ብዬ አሰብኩ። በሰው ሁሉ ፊት ሕመሟን ልትናገር ነው። ወንበሬ ላይ ቆምኩ። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም።

"እናቴ ልትሞት ነው። በሩን ክፈቱላት።"

አንዲት ሴት ከኋላ "ወይኔ ልጄን" አለች። በቅርቡ ከጠረጴዛው ጀርባ ወጥቶ እስከ መድረኩ ጫፍ መጣ።

"ሕፃን አይዋሽም" አለ። "እዚች እናት ላይ በደል ደርሷል። እህቴ፣ ነገ ጠዋት ቢሮዬ ይምጡ። በራሴ መኪና ትልቁ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ይህን ጉዳይ እንደተፈታ ቁጠሩት።"

ሰው አጨበጨበለት።

አሁን እኔም እናት ነኝ፤ ያቺን ደቂቃ ብዙ ጊዜ አስቤያታለሁ። እናቴ ዝም ብትል ኖሮ ሁሉም ነገር ያምር ነበር። ፈቃዷም አይነካም፣ ሰውየውም ይወዳታል፣ ልጇም በሰው ፊት አትዋረድም። አንድ ሳል ብቻ ነበር የሚጠበቅባት፤ እሷ ደግሞ የሳል አስተማሪ ነበረች።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ከወንበሩ ላይ አውርዳ፣ ጎንበስ ብላ፣ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። እጇ የጸጉር ቅባት ይሸታል።

"አላመመኝም" አለችኝ። "እዪኝ። አንድም ቦታ አላመመኝም።"

ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፣ ግን አዳራሹ ሁሉ ሰማ። ቀና አለች።

"ልጄ የታመምኩ መስሏት ነው። እኔ አልታመምኩም። ከእኛ መሀል ያመመው ሰው የለም።"

በቅርቡ ሳቀ። "ሰማችሁልኝ? ጤነኞች ሆነው የሕሙማን ወንበር ላይ ከርመዋል። የስንቱን በሽተኛ ወረፋ ይዛችሁ ነው?"

"የማንን ወረፋ?" አለች እናቴ። "የተቆለፈ በር ወረፋ የለውም። አጠገቤ እግራቸው የቆሰለ አባት ነበሩ። ትኩሳት የያዘው ሕፃን የታቀፈች ልጅ ነበረች። እነሱ ሲመለሱ ማንም አላያቸውም፣ እኛ አየናቸው። ማስረጃ አምጡ ብለውን ነበር። ማስረጃው ይኸው፣ ጸጉሩን ተሠርቶ ፊትዎ ተቀምጧል።"

የአናጺው ሚስት ሳትጠራ ተነሳች። "እኔ ሰኞ ነበርኩ። ከምሳ በኋላ ነጭ መኪና መጥታ ሲስተርን ወሰደቻት። በሯ ላይ የእናንተ መሥሪያ ቤት ምልክት አለ።"

"እኔ ረቡዕ" አለች የጽዳት ሠራተኛዋ። "ያችው መኪና።"

"እኔ ሐሙስ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ያችው።"

ዳቦ ጋጋሪዋ ስትነሳ ወንበሩም አብሯት ተነሳ። "እኔ መኪናዋን በእግሬ ተከተልኳት። እኔን የሚያህል ሰው ሲሮጥ ያዩ ሌባ የማባርር መስሏቸው አብረውኝ ሮጡ።" አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ትምህርቱ ገብቷት ነበር። "መኪናዋ ጽሕፈት ቤታችሁ ግቢ ገባች። ውስጥ የሠራተኞች ሕክምና የሚል ክፍል አለ። በመስኮት አየሁ። ሲስተር የአንድ ሰው ደም ግፊት ትለካለች። የሰውየው ጀርባ ነው ወደ እኔ የነበረው፣ ስለዚህ ማን እንደሆነ አልናገርም። ጃኬቱን ግን ወንበሩ ላይ ሰቅሎት ነበር።" እጇን ዘረጋች። "ያ ነው ጃኬቱ።"

ሰው ሁሉ ግራጫውን ጃኬት አየ። በቅርቡ ውሃ ከፈተና ጠጣ። ጠጥቶ ሲጨርስ ሌላ ከፈተ።

"ሲስተርን ቅጡልን ብለን አልመጣንም" አለች እናቴ። "እሷ አንድ ናት። ከሰዓት በኋላ ወስዳችኋታል። መልሱልን።"

ሲስተር ከግድግዳው ተላቀቀች። ድምፅዋን ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንደ ሰውነቷ ቀጭን ነበር። "እውነት ነው" አለች። "ከምሳ በኋላ እዚያ ነኝ። ማንም በወረቀት አላዘዘኝም። መኪና ነው የሚላክብኝ።"

በቅርቡ ማይክሮፎኑን አስጠጋ። "ጉዳዩን አጣርተን..." አለ፤ ሊናገር የነበረውን ቃል አዳራሹ ቀድሞ ተናገረለት። ሁለት መቶ ሰው ባንድ አፍ "በቅርቡ" ሲል ጣሪያው ላይ የነበሩ ወፎች ተነሱ።

ሳቁ ሲበርድ እናቴ ገና እንደቆመች ነበር። "እኛ ከነገ ጀምሮ እንቀመጣለን" አለች። "ከእንግዲህ ግን አናስልም።"

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ወንድሜንና እኔን ይዛ ሄደች። ጸጉሯ እንደተሠራ ነበር። አግዳሚው ሞልቶ አናጺው ከቤቱ ሌላ አግዳሚ ተሸክሞ መጣ። ወንዶችም ነበሩ፤ አባቴም መኪናውን ጥግ አስይዞ፣ ክንዱን አጣምሮ ዳር ላይ ቆሟል። ነጯ መኪና መጣች። ሾፌሩ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ሰውን አየ። ሲስተር ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ወጣች።

"ሄጄ ምን ልበላቸው?" አለ ሾፌሩ ራሱን እያከከ።

"በሽተኛ በዝቷል በላቸው" አለችው ዳቦ ጋጋሪዋ።

ሾፌሩ ማርሹን አስገብቶ ዞረና ሄደ። ሲስተር አቧራው እስኪተኛ ቆማ አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን ውስጥ አስቀመጠች፣ ተመልሳም በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችውና "ቀጣይ" አለች። እግራቸው የቆሰለው አዛውንት በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። እናቴ እጄን ያዘችኝ። ቀና ብዬ ሳያት መስታወት ፊት ቆማ የጨረሰችውን ሹሩባ እንደምታይበት ዓይን በሩን ታየዋለች።

የእናቴን ፈቃድ ለማደስ በዚያ ዓመት ብዙ አመላልሰዋታል፤ አባቴ የፈራው ያን ያህል ከእውነት የራቀ አልነበረም። ዳቦ ጋጋሪዋ አብራት እየሄደች ቢሮው ደጅ ላይ ትቀመጥ ነበር። ስንቀመጥ እስከ መቼ እንደምንቀመጥ ስላወቁ አደሱላት።

ባለፈው ዓመት እናቴ እውነት ታመመች። ከሰዓት በኋላ ነበር። ትንፋሽ አጥሯት ደግፌ ስወስዳት በመንገድ ላይ ቀብሬያት፣ ሰው ሸኝቼ፣ ጸጉር መሥሪያ ወንበሯን ለማን እንደምሰጥ እያሰብኩ ነበር። ስንደርስ በሩ ክፍት ነው። አግዳሚው ላይ አንዲት ትልቅ አሮጊት ከዘራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። እናቴ ሳለች።

"ይሄኛው ከደረት ነው" አሉ ዳቦ ጋጋሪዋ። "ቶሎ አስገቧት።"

አስገቧት። ዳነች።

የእኔ ቀን ማክሰኞ ነው፤ ከእናቴ የወረስኩት እሱን ነው። ከምሳ በኋላ ሄጄ እቀመጣለሁ። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ተከፍቶ እንደሆነ፣ የማዋለጃ ክፍሉ ሰው እንዳለው፣ ማን ሳይታከም እንደተመለሰ አያለሁ። ያየሁትን ብቻ በዓመቱ ስብሰባ ላይ ተነስቼ እናገራለሁ። ሌላው ቦታ የሚያስቸግረኝ ይህ አመሌ እዚያ ይጠቅማል። በሩ ትንሽ ገርበብ ካለ እንደተዘጋ አድርጌ የማስብ ሰው ስለሆንኩ፣ ተዘግቶ ሳይ ከማንም ቀድሜ እነሳለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ለመውጣት ስዘጋጅ ልጄ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። እሷም ሦስተኛ ክፍል ናት።

"የት ነው እማዬ?"

"ጤና ጣቢያ።"

ፊቷ ላይ የመጣውን ጥላ አወቅሁት። ጎንበስ ብዬ ፊቷን በሁለት እጄ ያዝኩ።

"አላመመኝም። እዪኝ። አንድም ቦታ አላመመኝም።" ከዚያ ሁሉን ነገርኳት፤ ወንበሩን፣ ሳሉን፣ ጃኬቱን። እየሳቀች ሰማችኝ። ስጨርስ ጭንቅላቴን አየችና ማበጠሪያ ይዛ መጣች።

"እንዲህ ሆነሽ ልትሄጂ ነው? ተፈትቷል እኮ።"

ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና ጀመረች። እናቴ ትራስ ካለው ወንበሯ ላይ ሆና ታዝዛታለች።

"ከሥሩ ጀምሪ። አጥብቂው። እንዲያዩአት ነው።"